የተዘቀዘቀው ነጠላ

ሸማ ተራ የምሠራበት ሱቅ ሁለት ሕግ ነበረው፤ ምግብ አይገባም፣ ሕፃን አይገባም። ሕጉን ያወጡት ባለሱቋ ናቸው። ተራው ሁሉ እትዬ ይላቸዋል፤ እኔም እንደዚያው። ምክንያታቸው የሚያከራክር አልነበረም። የምንሸጠው ነጭ ነው። ነጠላው ነጭ፣ ጋቢው ነጭ፣ ቀሚሱም ከጥለቱ በቀር ነጭ። ነጭ ላይ የወጥ ጠብታ ካረፈበት ሸማኔው የደከመበት ሁሉ ገደል ገባ ማለት ነው። አንድ ጊዜ አንዲት ገዥ ታቅፋው የገባችው ሕፃን አዲስ ጋቢ ላይ አስመለሰ። እትዬ ያንን ጋቢ እንደ ሟች ዘመድ ሲያነሱት ኖሩ።

እኔም ሕጉን እወደው ነበር። ልጅ ያዘለች ገዥ ስትመጣ በሩ ላይ ተቀብዬ፣ ነጠላውን ወደ ውጭ አውጥቼ፣ በፈገግታ እዚያው አስመርጬ የምሸኝ እኔ ነበርኩ። ከእናቶቹ አንዷ "ወልደሽ እዪው" ብላኝ ሄዳለች። እርግማን ይሁን ምርቃት አልገባኝም፤ ብዙም አላሰብኩበትም።

ወልጄ አየሁት።

ሴት ልጅ ናት። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤት የሚያድርበት ቀን ጥቂት ነው፤ ስለዚህ አራስ የሚጠብቅ ሰው ሲፈለግ አማቴ ከሸዋ ገጠር ተጠርተው መጡ። ቤታችን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ባለ ግቢ ውስጥ ያለች አንድ ክፍል ናት፤ ማድቤቱን ከጎረቤቶች ጋር እንጋራለን። አማቴ ክፍሏን ዞር ዞር ብለው አዩና "ይቺማ ለአራስ ትበቃለች፤ አራስ የት ይሄዳል?" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ የትም አልሄድኩም። ተኛሁ፣ በላሁ፣ አጠባሁ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" የሚል ሰው ሲገባ ቀና እላለሁ፤ ሲወጣ ጋደም እላለሁ። ገንፎውን መሐሉ ላይ ቅቤና በርበሬ ሞልተው ሲያቀርቡልኝ እበላለሁ፤ አጥሚቱን በትልቅ ኩባያ ሲሰጡኝ እጠጣለሁ። ሰው ስለ መጀመሪያ ልጅ የሚያወራውን ያህል ደስታ አልተሰማኝም፤ ሐዘንም አልነበረብኝም። የነበረብኝ መገረም ነው። ይህቺን የምታህል ፍጥረት ቤቱን ሁሉ እንዴት ሞላችው እያልኩ አያት ነበር።

ወገቤ ሲጠና አማቴ ጭልፋውን አስረከቡኝ። ወጥ መሥራት አልችልም ነበር። ከማግባቴ በፊትም በኋላም የምበላው መርካቶ ውስጥ ከምግብ ቤት ነው፤ ባለቤቴም መንገድ ላይ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ ቅር የሚለው ሰው አልነበረም። አማቴን ግን ቅር አላቸው።

"መውለድሽን አይተናል" አሉኝ። "አሁን ደግሞ ወጥሽን እንይ።"

በሽሮ ጀመርኩ፤ ቀላል ነው ስለሚባል። ልጅ በአንድ እጅ ታቅፎ በሌላው ማማሰል ግን ቀላል አይደለም። ሽንኩርቱን ሳቁላላ ታለቅሳለች፤ እሷን ሳባብል ሽንኩርቱ ያርራል። የመጀመሪያው ሽሮዬ ቀጠነ። አማቴ ሳህኑን ዘንበል ቀና አድርገው "ይሄ የሚጠጣ ነው የሚበላ?" አሉ። በሁለተኛው ቀን እንዳይቀጥንብኝ ብዬ ዱቄት ጨመርኩበት፤ እንጀራው ላይ ስገለብጠው ከድስቱ አልወርድ አለ። "ይሄማ ለግድግዳ ምርጊት ይሆናል" አሉ። ሆኖም ሁለቱንም ጨርሰው በሉ። ይህንን አልረሳላቸውም።

ልጄ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሳች። ድግሱ እንዳለፈ፣ ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ።

ሥራውን ለምን እንደፈለግሁት በግልጽ ልናገር። ቤቴ ውስጥ ያለኝ የሚያርር ሽሮና የምታለቅስ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ጎበዝ ነሽ ብለውኝ አያውቁም። ሸማ ተራ ውስጥ ግን ጎበዝ ነኝ። ጨርቁን በሁለት ጣቴ አሽቼ ፈትሉን እለያለሁ። ለሰርግ የሚመጡትን ልጃገረዶች መስታወት ፊት አቁሜ ነጠላ አለባበስ አስተምራለሁ። "ጥለቱ ወደ ታች ይውረድ" እላቸዋለሁ። "ጥለቱ ወደ ላይ ወጥቶ አንገትሽን የሚከበው ለለቅሶ ነው። ዘቅዝቀሽ ለብሰሽ ሰርግ ቤት ብትገቢ ማን ሞተ ተብሎ ድንኳኑ ይተራመሳል።" ይስቃሉ፤ አስተካክለው ይለብሳሉ፤ ይገዛሉ። እትዬ ይህንን ቦታዬን ለሌላ ሳይሰጡ እስክወልድና እስክነሳ ጠብቀውኛል። ማጣት አልፈልግም ነበር። ደሞዙም ያስፈልገናል፤ ከደሞዙ በላይ ግን ራሴን የማገኘው እዚያ ነበር።

እንቅፋት የሆነብኝ ጡጦ ነው። ልጄ ጡጦ አልይዝም አለች። ወተቴን አልቤላት እሄዳለሁ፤ አማቴ ያሞቁታል፤ ጎማው ከንፈሯን ሲነካ ፊቷን አዙራ ግቢው እስኪሰማ ትጮኻለች። በማንኪያ ሞከሩ፤ ተፋችው። በሲኒ ሞከሩ፤ አንገቷ ሥር ፈሰሰ። ጎማውን ቀያየርን፤ ሁሉንም ናቀች። አማቴ አዝለዋት ግቢውን እየዞሩ "ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ" ይላሉ። ሰማዩ ሸማ ተራ መሆኑ ነው፤ ላሟ ደግሞ እኔ።

ስለዚህ ከሱቅ እየወጣሁ መሮጥ ጀመርኩ። መንገዱ ሩቅ አይደለም፤ ግን መርካቶ ውስጥ ቅርብ የሚባል ቦታ የለም። ጆንያ የተሸከመው "ከኋላሽ!" ይላል፣ ጋሪው መንገዱን ይዘጋል፣ አይሱዙው መሐል ላይ ቆሞ ያራግፋል። ደርሼ አጥብቼ ስመለስ ገዥ መጥቶ ሄዷል። እትዬ ሰኞና ማክሰኞን ዝም አሉ። ረቡዕ ስመለስ ባንኮኒው ላይ እጃቸውን አጣምረው ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ ግማሽ ሰው አልቀጠርኩም" አሉ። "ልብሽ ወይ እዚህ ይሁን ወይ እዚያ። እስከ ቅዳሜ አስቢና ቁረጪ።"

ክፋት አልነበረባቸውም። ክፉ ቢሆኑ ተቀይሜ ይቀለኝ ነበር።

"እዚህ ይዣት ብመጣስ እትዬ?" አልኩ።

መደርደሪያውን አዩ፤ ቀጥሎ እኔን አዩ። "ያንን ሕግ ለሰው ሁሉ ስታስከብሪ የኖርሽው አንቺ አይደለሽ?"

እስከ ቅዳሜ ልጄ ጡጦ ካልያዘች ሥራዬን ትቼ ቤት እገባለሁ ማለት ነው። ቤት ስገባ ደግሞ ቦታዬ አይጠብቀኝም፤ ሸማ ተራ ቦታ የምትፈልግ ሴት ሞልታለች።

ተራው ሁሉ ነገሩን ያውቃል። ሱቆቹ ትከሻ ለትከሻ ናቸው፤ አንዱ ጋ ላስነጠሰ ሌላው ጋ ይማርህ ይሉታል። ፊት ለፊታችን ጋቢ የሚሸጡት ሽማግሌ፣ ጋሼ የምንላቸው፣ በየጠዋቱ ከደጃቸው ሆነው "እህ፣ ያቺ አመፀኛ ዛሬስ ጠጣች?" ብለው ይጮኹልኛል። ጎናችን ሻሽ የምትሸጠው ጓደኛዬ ከሲኒማ ራስ በኩል አዲስ ዓይነት ጡጦ ገዝታ አምጥታልኛለች። "የኔ ልጆች ሁሉ በዚህ ነው ያደጉት፤ ኢንሻአላህ ትይዘዋለች" አለች። አልያዘችውም። ሐሙስ ተራው ሲዘጋ ሁሉም ሰው የሚያውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ልጅቷ ቀኑን ሙሉ እንቢ እንዳለችና እንደደከመች።

ዓርብ ጠዋት ሽሮ ጥጄ፣ ድስቱን ከድኜ፣ ልጄን አጥብቼ ወጣሁ። እንቅልፍ ካየሁ ስለቆየሁ ዓይኔ ቀልቶ አብጧል። ነጠላዬን ግን በወጉ ለብሻለሁ፤ ነጠላ ሻጭ ነኝና።

ራጉኤልን ተሳልሜ አጥሩን ይዤ ሳልፍ አንዲት ሴት ያዘለችው ሕፃን አለቀሰ። የእኔ አልነበረም። ጡቴ ግን የማን ነው ብሎ አልጠየቀም፤ ወተቱ ወረደ። ቀሚሴን አልፎ ነጠላዬ ላይ ሁለት ክብ እርጥበት ወጣ። ልብስ የሚሸጥ ሰው ቆሽሾ አይቆምም። አጥሩን ተጠግቼ ነጠላውን አወለቅሁና ገለበጥኩት፤ እርጥቡ ወደ ጀርባ ዞረ፤ ደረቁን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴ ሥር ሰብሰብ አደረግሁት። ሰው ሳያየኝ በጥድፊያ የሠራሁት ሥራ ነው። ጥለቱ የት እንደደረሰ ልብ አላልኩም። ሱቅ ከፍቼ ስገባም አላየሁም። መስታወት ያለበት ሱቅ ነው፤ ግን መስታወቱ ለገዥ ነው።

ጋሼ ደጃቸው ላይ ነበሩ። "እንደምን አደሩ ጋሼ?" አልኳቸው። ስለ አመፀኛዋ አልጠየቁኝም። አዩኝ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ቀስ ብለው፤ ወደ ውስጥ ገቡ። ዛሬ ደግሞ ምን ሆኑ ብዬ ባንኮኒውን መወልወል ጀመርኩ።

ትንሽ ቆይታ ሻሽ ሻጯ ገባች። ሰላም ሳትለኝ ዱካ ላይ ተቀምጣ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ቀጥለው ከወዲያኛው ጥግ ሁለት ሴቶች መጡ፤ እነሱም ተቀመጡ። ጋሼም ተመልሰው መጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ማንም አይናገርም።

ምክንያቱን ያወቅሁ መሰለኝ። እትዬ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ሊያሰናብቱኝ ቆርጠዋል፤ ተራው ሰምቷል፤ ሊያጽናናኝ መጥቷል። ከፋኝ፤ ትንሽም ኮራሁ። ለአንዲት ተቀጣሪ ይህን ያህል ሰው ሱቁን ትቶ ሲሰበሰብ ቀላል ነገር አይደለም። እንዳልተጎዳሁ ላሳያቸው ብዬ ሥራዬን ቀጠልኩ። ገዥ ገባች፤ ነጠላ ዘርግቼ አሳየኋት፤ ቀለደች፤ ሳቅሁ። ስስቅ ሻሽ ሻጯ ከኋላዬ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ገዥዋ ደንግጣ ሳትገዛ ወጣች።

"አይዞሽ" አሉ ጋሼ በመጨረሻ። "አይዞሽ ልጄ።"

"ኧረ ምንም አይደል ጋሼ" አልኩ። "ሌላ ይገኛል።"

ሌላ ሥራ ማለቴ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ፊታቸውን ሸፈኑ።

የወሩ ማርያም ስለነበረች እትዬ ከቅዳሴ የመጡት ረፈድ ሲል ነው። በሩ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። የተቀመጠውን ሰው አዩ፤ እኔን አዩ። እጃቸው ወደ ገዛ ነጠላቸው ሄደ፤ ቁልቁል የነበረውን ጥለት ወደ ላይ አዞሩት። ከዚያ ደረታቸውን መቱ።

"እኔ ነኝ!" አሉ። "ከእናቷ ለይቼ የገደልኳት እኔ ነኝ! ወየው ልጄን! ወየው!"

እትዬ የመጡት ከራጉኤል ነው። ቤቴ ያለው ከራጉኤል ጀርባ ነው፤ ወሬውን እዚያው ሰምተው ነው አልኩ።

በእኛ አገር የሞት ወሬ ለባለቤቱ በድንገት አይነገርም። መጀመሪያ ሌላው ሰው ይሰማል። ዘመድ ጎረቤቱ ይጠራራል፤ ጠዋት ይመጣል፤ ገብቶ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ባለቤቱ ሰው ለምን እንደመጣ እየተገረመ ወንበር ያቀርባል። መርዶ እንዲህ ነው የሚመጣው። እኔም ልጅ ሆኜ ሴቶች ተሰብስበው ገብተው ዝም ሲሉ አይቻለሁ፤ እናቴ እየሳቀች "ምነው ዛሬ በጠዋቱ?" ስትላቸው አስታውሳለሁ። አሁን ሱቁን ዞሬ አየሁት። ዱካው ሞልቷል። ሁሉም ያውቃል። ያልሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ባንኮኒውን እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም።

የሚያውቁኝ ሰዎች ደረቅ ናት ይሉኛል፤ አይሳሳቱም። በዚያ መንገድ ላይ ግን ደረቅ አልነበርኩም። እየሮጥኩ ጮኽኩ። ስልኬን አውጥቼ አማቴ ጋ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ደግሜ ደወልኩ፤ ይጠራል፣ አይነሳም። ነጠላዬንና ፊቴን ያየ ተሸካሚ ሁሉ "መንገድ ልቀቁላት! ባለሐዘን ናት!" እያለ ከፈተልኝ፤ ሳምንቱን ሙሉ በግፊያ ያለፍኩበት መንገድ ለሁለት ተከፍሎ አሳለፈኝ። ሰው ሲያዝንልኝ የባሰ አመንኩ። የጡጦውን ጎማ አሰብኩ። ጠዋት ስወጣ ጣቴን ይዛ አለመልቀቋን፣ እኔም ሰዓት ረፈደብኝ ብዬ አንድ በአንድ እያላቀቅሁ መውጣቴን አሰብኩ። እወዳታለሁ ብዬ ለራሴ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ያኔ ጮክ ብዬ ተናገርኩት፤ የሰማው ጆንያ የተሸከመ ሰው ነው።

የግቢውን በር ገፍቼ ገባሁ። አማቴ ማድቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ምስር ይለቅማሉ። ልጄ ጀርባቸው ላይ ታዝላ ነበር፤ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ወድቋል። መጠጋት አቃተኝ፤ ቆምኩ።

አማቴ ቀና ብለው አዩኝ። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ፤ ምስሩ በግቢው ተበተነ።

"ልጄን!" አሉ። "መኪናው ተገለበጠ? ልጄን በላብኝ? ንገሪኝ! ልጄን!"

ባለቤቴን ነው። እኔ ለልጄ ስሮጥ እሳቸው ለልጃቸው ጮኹ። በጩኸታቸው ጀርባቸው ላይ ያለችው ነቃች፤ ጭንቅላቷን አቀናች፤ አለቀሰች።

ሳምንቱን ሙሉ ስሸሸው የነበረ ለቅሶ ነው። መሬት ላይ፣ ምስሩ መሐል ተቀምጬ ሰማሁት።

"እማማ፣ እሱ ደህና ነው" አልኩ፣ ትንፋሼ ሲመለስ። "ማን ምን ነገረዎት?"

"ነጠላሽ ነዋ! ነጠላሽ ነገረኝ!"

ቁልቁል አየሁ። ሰማያዊው ጥለት አንገቴን ከቦ አገጬ ሥር ተቀምጧል፤ እኔ መስታወት ፊት ቆሜ እንዲህ አታድርጉ የምለውን ልክ እንደዚያ።

አማቴ ነገሩ ሲገባቸው ለመማታት ይሁን ለማቀፍ እጃቸውን አነሱ፤ ከዚያ ልጅቷን ከጀርባቸው አውርደው ጭኔ ላይ አስቀመጡልኝ። "አጥቢ" አሉ፤ "እኔን በቁሜ ገድለሽኝ ነበር።" ስልካቸው ጎረቤት ቤት ቻርጅ ላይ ነበር። አጠባሁ። ልጄ በአንድ እጇ ጥለቱን ጨብጣ በኃይል ጠባች።

እንዲህ ተቀምጬ ሳለሁ ሸማ ተራ ደረሰ። እትዬ ከፊት፣ ሻሽ ሻጯ ደግፋቸው፣ ጋሼና ሁለቱ ሴቶች ከኋላ። ነጠላ የለበሰው ሁሉ ዘቅዝቆ ለብሷል። "ወየው" እያሉ በሩን አልፈው ገቡና እኔን ሲያዩ ድምፃቸው መሐል ላይ ተቆረጠ። ልጄ መጥባቷን አላቆመችም።

ባርኔጣቸውን ደረታቸው ላይ የያዙት ጋሼ ናቸው ቀድመው የተናገሩት።

"እህ" አሉ፤ "አመፀኛዋ ጠጣች!"

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ መሐል የሚያለቅስም ነበር። እኔ ስለ ወተቱና ስለ ራጉኤል አጥር እየነገርኩ፣ እነሱ የየራሳቸውን እያወሩ፣ ማን ምን እንዳሰበ የታወቀው ያኔ ነው። ልጅቷ በረሃብ ሌሊት ሞታለች፤ እናትየዋ ደግሞ ሐዘኑ አእምሮዋን አናውጦት ምንም እንዳልሆነ ሱቅ ከፍታለች ብለው ቆርጠው ነበር። ስስቅ የባሰ አመኑ። "ሌላ ይገኛል" ስላቸው ደግሞ ያለቀላት ናት አሉ። ዝም ያሉት በጩኸት ብትነቃ ትወድቃለች ብለው ፈርተው ነው፤ እንደ እናት የሚቀርቡኝ እትዬ እስኪመጡ ይጠብቁ ነበር።

እትዬ አልሳቁም። የቤታችን ደፍ ላይ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጥለት ወደ ታች ይመልሳሉ። ልጄን ትክ ብለው ያዩዋታል። ለክርስትናዋ ከሩቅ ሰላም ብለዋት እንደሆነ እንጂ እንዲህ አይተዋት አያውቁም።

"ነገ ይዘሻት ነይ" አሉ።

"ነጩስ እትዬ?"

"አልቅሼላታለሁ" አሉ። "ያለቀስኩላትን ልጅ ደጅ አላቆምም።"

አማቴ ምስራቸውን ከመሬት ሰብስበው ጨረሱና ወደ ራሳቸው ተመለሱ። ለቅሶ ብሎ የመጣ ሰው ሳይቀምስ አይሄድም፤ ለቅሶው ቢሰረዝም ያው ነው አሉ። ጠዋት የጣድኩት ሽሮ ወጣ። ሁሉም ከአንድ መሶብ በላ፤ ሻሽ ሻጯ ለጁምዓ እንዳይረፍድባት ቆማ ጎረሰች። ያ ሽሮ አልቀጠነም፣ አልወፈረም፤ በሕይወቴ የሠራሁት የመጀመሪያው ደህና ሽሮ ነበር። ማንም ልብ አላለውም። አማቴ ብቻ ድስቱን በእንጀራ እየጠረጉ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ።

ቅዳሜ ልጄን አዝዬ ገባሁ። እትዬ ቀድመው ደርሰው ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ካርቶን አንጥፈዋል፤ ካርቶኑን ጋቢ አልብሰውታል። ጋቢውን አወቅሁት። መሐሉ ላይ ቢጫ እድፍ አለው፤ ያ ሲረገም የኖረው ጋቢ ነው። ለካ ሳይጥሉት፣ ሳይሰጡት፣ አጥፈው አስቀምጠውት ኖሯል። "መቼም ያደፈ ነው" አሉ፤ "እሷ ምን ታደርገዋለች?" ከሳምንት በኋላ ደግሞ አጥሚት በፔርሙዝ ይዘው መጡ። "ወተትሽ እንዳይነጥፍ ነው፤ ምግብ አይደለም፤ መጠጥ ነው" አሉ፤ የቀረው ሕግም እንዲህ ባለ መንገድ ፈረሰ።

ጡጦ እስከ መጨረሻው አልያዘችም። አሁን በእግሯ ትሄዳለች፤ ተራው ሁሉ ቤቷ ነው። ከጋሼ ሱቅ ወደ ሻሽ ሻጯ፣ ከሻሽ ሻጯ ወደ እኛ እያለች ትውላለች። ነጩን ነገር አቆሽሻ ታውቃለች፤ እትዬ እድፉን በሳሙና እያሹ ስለ ሸማኔው ድካም ይነግሯታል፤ አትሰማም።

ባለፈው ሰሞን ለሰርግ የመጣች ልጅ መስታወት ፊት አቁሜ አለባበስ ሳሳይ፣ ልጄ ባንኮኒው ላይ የተዘረጋ ነጠላ ጎትታ አወረደች። እንደኔ ልትለብስ ነው። ራሷ ላይ ጣል አደረገችው፤ ተጠቀለለችበት፤ ደስ ብሏት እየተወላገደች ወደ ደጅ ወጣች። ጥለቱ ወደ ላይ ነበር፤ አንገቷን ከቦ አገጯ ሥር።

አየሁና ዘለልኩ። ብቻዬን አልነበርኩም። ጋሼ የያዙትን ጋቢ ጥለው ተነሱ፤ ሻሽ ሻጯ ከገዥ እጅ ሻሿን ነጥቃ ወጣች፤ ከወዲያኛው ጥግ ዱካ ሲገለበጥ ተሰማ። ገዥዎቹ እሳት የተነሳ መስሏቸው ዞር ዞር ይላሉ። ቀድመው የደረሱት፣ ጉልበቴን አመመኝ ብለው ከወንበራቸው የማይነሱት እትዬ ናቸው። መሬት ላይ ተንበርክከው ነጠላውን ከላይዋ ገፈፉ፤ አራገፉት፤ ጥለቱን ወደ ታች አድርገው መልሰው አለበሷት።